በከባድ ወባ የታመመ ህፃን ደሙ ይረጋል ወይስ ይፈሳል?

የልጁ_አክስት

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። በቅርቡ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ነቅቷል። ይበላል፣ ያወራል፣ ይጫወታል።

ጥያቄዬ ስለ ደሙ ነው። በገባ ዕለት ፕላትሌቱ 41,000 ተብሎ ተጽፏል። የጤነኛ ሰው ከ150,000 እስከ 450,000 እንደሆነ አነበብኩ። ፕላትሌት ደም የሚያረጋ ከሆነ፣ በዚህ ቁጥር ልጁ መድማት አልነበረበትም ወይ? ግን አፍንጫውም ድዱም አልደማም። ቀይ ደም ተሰጠው እንጂ ፕላትሌት አልተሰጠውም።

ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ወሬ አለ። አንዱ ዘመዳችን «ወባ ደም ያረጋል፣ ደም ማቅጠኛ መውሰድ ነበረበት» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ፕላትሌቱ አልቆ እያዩ ዝም አሉት» ትላለች። እህቴ በሁለቱ መሀል ሆና እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ ካላችሁ በቀላሉ አስረዱን።

ከላብራቶሪ

እንኳን ተረፈላችሁ። እኔ በላብራቶሪ በኩል የማየውን ልንገርሽ።

በወባ ፕላትሌት መውረዱ በጣም የተለመደ ነው። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ በሚባሉት በሁለቱም የወባ ፓራሳይቶች (ተህዋሲያን) ይወርዳል። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ይዞት የመጣ ልጅ ፕላትሌቱ ዝቅ ብሎ ካየሁ፣ የወባ ምርመራ ባይታዘዝለትም ለሐኪሙ ደውዬ እጠይቃለሁ። ይሄን ያህል የተለመደ ነው።

የማሽኑ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ፕላትሌቶች ቱቦው ውስጥ እርስ በርስ ከተጣበቁ ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ሲመጣ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር፣ የዓለም ጤና ድርጅት «ከባድ ወባ» የሚያሰኙ ምልክቶችን ሲዘረዝር የፕላትሌት ቁጥርን ብቻውን አላስገባም። ያስገባው መድማትን ነው። ከአፍንጫ፣ ከድድ ወይም መርፌ ከተወጋበት ቦታ ደጋግሞ የሚፈስ ወይም አልቆም የሚል ደም፣ ደም ማስታወክ፣ የጠቆረ ሰገራ። የእናንተ ልጅ ይህ አልነበረበትም ማለት ነው።

የህፃናት_ሐኪም

እህቴ፣ ሁለቱም ዘመዶችሽ ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ ከብዙ ወላጅ እሰማለሁ።

በከባድ ወባ ደም ይረጋል። የሚረጋው ግን በትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ አይደለም። እግር አብጦ እንደሚታየው ዓይነት የደም መርጋት አይደለም። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ነው የሚረጋው፣ በተለይ አንጎል ውስጥ።

የሚጀምረው እንዲህ ነው። ፋልሲፓረም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ዑደቱን በ48 ሰዓት አካባቢ ይጨርሳል። በመጀመሪያው ቀን ገደማ ፓራሳይቱ ገና ለጋ ነው፤ የያዘው ሴል ከሌላው ደም ጋር አብሮ ይዞራል። እያደገ ሲመጣ ፒኤፍኢኤምፒ1 የሚባል ፕሮቲን ሠርቶ በሴሉ ገጽ ላይ ያወጣል። በዚህ ፕሮቲን የደም ሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይይዝና እዚያው ይጣበቃል። ለፓራሳይቱ ይህ ማምለጫው ነው። ዝም ብሎ ቢዞር ጣፊያ ያጠፋው ነበር።

አሁን ወደ ደም መርጋቱ እንምጣ። የደም ሥር ግድግዳ ደም ያለቦታው እንዳይረጋ የሚከላከልበት ዘዴ አለው። ዋናው ፕሮቲን ሲ ይባላል። ይህን እንደ መኪና ፍሬን እዩት። ደም መርጋት ሲጀምር ግድግዳው ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች፣ ትሮምቦሞዱሊን እና የፕሮቲን ሲ መቀበያ፣ ፕሮቲን ሲን ያነቁታል። የነቃው ፕሮቲን ሲ መርጋቱን ያስቆማል። የግድግዳውን ብግነትም ያበርዳል።

በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። በከባድ ወባ ከታመሙ ልጆች ጋር የሚያያዘው የፒኤፍኢኤምፒ1 ዓይነት የሚጣበቀው በዚሁ በፕሮቲን ሲ መቀበያ ላይ ነው። ፓራሳይቱ የሚይዘው ፍሬኑን ራሱን ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከማላዊ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአንጎል ወባ በሞቱ ልጆች ላይ የተያዙ ሴሎች በተጣበቁበት ቦታ መቀበያውም ትሮምቦሞዱሊኑም ከግድግዳው ላይ መመናመናቸውን አሳየ። የአንጎል ደም ሥሮች ድሮውንም እነዚህ ነገሮች የሏቸውም ማለት ይቻላል፣ በጣም ትንሽ ነው ያላቸው። ስለዚህ ሰውነት ሙሉ በሙሉ ታሞ ሳለ አንጎል ለምን ቀድሞ እንደሚጎዳ በከፊል ይገባናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳው ሲጎዳ ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የሚባል ረጅም ፕሮቲን ይለቃል። ፕላትሌት እሱ ላይ ይጣበቃል። በጤናው ጊዜ አዳምትስ13 የሚባል ኢንዛይም ይህን ረጅም ፕሮቲን ይቆራርጠዋል። በከባድ ወባ ግን የኢንዛይሙ አቅም ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ይበዛል። ፕላትሌቱ እዚያ እየተያዘ ከሚዞረው ደም ውስጥ ይጎድላል። ጣፊያም ውስጥ ይከማቻል። የልጃችሁ 41,000 ከዚህ የመጣ ነው። ፕላትሌቱ ሥራ ላይ ውሎ ነው የጎደለው። የማምረት ችግር አይደለም።

የልጁ_አክስት

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ፕላትሌቱ እንዲህ እየጎደለ ልጁ ለምን አልደማም?

የህፃናት_ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደም ለመርጋት ፕላትሌት ብቻውን አይበቃም። ጉበት የሚሠራቸው የመርጊያ ፕሮቲኖችም አሉ። በአብዛኞቹ ልጆች እነዚህ አያልቁም። የመርጋት ጊዜን የሚለካው ፒቲ የሚባለው ምርመራ ትንሽ ይረዝም ይሆናል እንጂ ብዙ አይረዝምም። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ፋይብሪኖጅን ደግሞ በትኩሳትና በብግነት ጊዜ ከፍ የሚል ነገር ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይጎድልም። የቀሩት ፕላትሌቶችም ሥራቸውን ይሠራሉ።

በአጭሩ ችግሩ በየቦታው፣ በጥቃቅኑ ሥር ውስጥ ነው ያለው። ክንድ ላይ የሚቀዳው ደም አንጎል ውስጥ ያለውን ሁሉ አይናገርም። በመላ ሰውነት የመርጊያ ነገር አልቆ ልጅ በግልጽ የሚደማበት ሁኔታ በህፃናት ወባ ጥቂት ነው፣ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ሲደማ ግን በጣም አሳሳቢ ነው። ያኔ ወባው ብቻ ነው ወይስ ባክቴሪያም ደሙ ውስጥ ገብቷል ብዬ እጠይቃለሁ። አንቲባዮቲክም እጀምራለሁ።

አራተኛ_ዓመት_ሜዲስን

ዶክተር፣ ለመማር ነው የምጠይቀው። ጥቃቅኑ ሥር ውስጥ ደም እየረጋ ከሆነ ሄፓሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ለምን አይሰጥም? በሎጂክ ደረጃ የሚሠራ ይመስላል። የልጁ ዘመድ ያለውም ይህን ነው።

የህፃናት_ሐኪም

ድሮ ይህን ያሰቡ ብዙ ነበሩ። ሄፓሪን ተሞክሯል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ ወባ እንዲሰጥ አይመክርም። ምክንያቱን ለማየት የሞቱ ልጆች አንጎል ላይ የተሠራውን ምርመራ አንብብ። በአንድ ጥቃቅን ሥር ውስጥ የተያዙ ሴሎችና ፋይብሪን (የረጋ ደም የሚሠራበት ክር) ታገኛለህ። በዚያው ሥር ዙሪያ ደግሞ ቀለበት የሠራ የደም መፍሰስ ታገኛለህ። መዘጋቱና መፍሰሱ አንድ ቦታ ላይ ነው ያሉት። ግድግዳው ተጎድቷል፤ ተዘግቷል፤ ከዚያ ያፈሳል። በዚህ ላይ ደም ማቅጠኛ ስትጨምርበት መፍሰሱን ታባብሳለህ።

በዚያ ላይ ሥሩን የዘጋው ዋናው ነገር የረጋ ደም አይደለም። በፓራሳይት የተያዘ ቀይ ሴል ነው። ሄፓሪን እሱን አያስለቅቀውም።

እኔ ሁልጊዜ ለተማሪ የምነግረው ይህን ነው። በወባ የደም መርጋትን የሚያስተካክለው መድኃኒት አርቴሱኔት ነው። አርቴሱኔት ለጋውን ፓራሳይት፣ ገና ግድግዳ ላይ ሳይጣበቅ፣ እየዞረ ሳለ ይገድለዋል። የድሮው የወባ መድኃኒት ኩዊኒን በዋናነት የሚመታው ያደገውን ነው፤ እሱ ደግሞ ወይ ተጣብቋል ወይ ሊጣበቅ ነው። ልዩነቱ በሞት ቁጥር ላይ ታየ። በ2010 የወጣው አኳማት የተባለው ጥናት በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ልጆችን ይዞ ነበር። ኩዊኒን ከወሰዱት 10.9 በመቶ ሞቱ። አርቴሱኔት ከወሰዱት 8.5 በመቶ። በመቶኛ ስታየው ትንሽ ሊመስልህ ይችላል። ወባ ዛሬም በዓመት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ይገድላል፤ በአፍሪካ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ናቸው። በዚያ ልክ አስበው።

የዓይን_ክፍል

ከእኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ማየት ይቻላል።

ሬቲና፣ ማለትም ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ የአንጎል ዘመድ ነው። የደም ሥሮቹም ይመሳሰላሉ። በአንጎል ወባ ራሱን የሳተ ልጅ የዓይን ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ በኦፍታልሞስኮፕ (የዓይን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ሲታይ፣ የነጡ ቦታዎች፣ ቀለማቸው የተለወጠ የደም ሥሮች፣ እና መሀላቸው ነጭ የሆነ የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ። ዶክተር ያሉት መዘጋትና መፍሰስ ፊት ለፊት ይታያል። በሞቱ ልጆች ላይ ሲነጻጸር፣ ሬቲና ላይ የደም ነጠብጣብ የበዛበት ልጅ አንጎሉም ላይ በዝቶ ተገኝቷል።

ይህ ለምርመራም ይጠቅማል። በ2004 ከማላዊ የወጣ ጥናት «የአንጎል ወባ» ተብለው ከሞቱ 31 ልጆች ሰባቱ የሞቱት በሌላ ምክንያት መሆኑን በአስከሬን ምርመራ አረጋግጧል። ደማቸው ውስጥ ፓራሳይት ነበር፤ የገደላቸው ግን እሱ አልነበረም። እነዚህን ከእውነተኞቹ የለየው ዓይነተኛ ምልክት ሬቲና ላይ የሚታየው ነው። ራሱን የሳተ ልጅ በመጣ ቁጥር ዓይኑ ቢታይ እመኛለሁ። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ልምዱ ነው የጎደለው።

አራተኛ_ዓመት_ሜዲስን

በጣም አመሰግናለሁ። ሬቲናውን አላውቅም ነበር። አንድ ቦታ ደግሞ ፕላትሌት ፓራሳይቱን ይገድላል የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ከሆነ ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ?

ከላብራቶሪ

እውነት ነው። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አለ። ፕላትሌት በተያዘው ቀይ ሴል ላይ ተጣብቆ ውስጡ ያለውን ፓራሳይት ሊገድል እንደሚችል ያሳያል። በ2012 ደግሞ የሚገድለው ነገር ፕላትሌት ውስጥ ያለው ፒኤፍ4 የሚባል ፕሮቲን እንደሆነ፣ ለዚህም ቀይ ሴሉ ላይ ያለው ደፊ የተባለው ተቀባይ እንደሚያስፈልግ ተገኘ።

ግን ሌላ ገጽም አለው። በአንጎል ወባ በሞቱ የማላዊ ልጆች ጥቃቅን የአንጎል ሥሮች ውስጥ ፕላትሌት ተከማችቶ ታይቷል። የተያዙ ሴሎች እርስ በርስና ከግድግዳው ጋር እንዲጣበቁም ፕላትሌት ያግዛል። እኔ የገባኝ፣ መጀመሪያ ላይ ይረዳል፣ በሽታው ሲከብድ ግን ራሱ የችግሩ አካል ይሆናል። ዶክተር፣ ካጠፋሁ ያርሙኝ።

የህፃናት_ሐኪም

ልክ ነህ። አሁን ያለው ግንዛቤ እንደዚያ ነው። ፕላትሌትን የሚነካ መድኃኒት ለዚህ በሽታ አለመኖሩም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የቱን ሰዓት ላይ እንደምትነካው ካላወቅህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል።

አባት_ነኝ

ይቅርታ፣ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ለትኩሳት ቤት ውስጥ አስፕሪን አለ። ደምን ስለሚያቀጥን ለወባ ሁለት ጥቅም አለው ብሎ የነገረኝ ሰው አለ። ለልጅ መስጠት ይቻላል?

ሲስተር_ድንገተኛ

ወንድሜ፣ አይቻልም። እባክህ ለልጅ አስፕሪን አትስጥ። የፕላትሌትን ሥራ ያዳክማል፣ ያውም ፕላትሌቱ በጎደለበት ሰዓት። በህፃናት ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል አደገኛ ነገርም ሊያስከትል ይችላል። የደም አሲድነትንም ይጨምራል፤ ከባድ ወባ ያለበት ልጅ ደሙ ቀድሞውንም አሲድ ሆኖበት ሊሆን ይችላል። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ይሰጣል። ወባውን ግን ፓራሲታሞል አያድነውም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ የማየውን ልንገራችሁ። ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ልጁ ሲንቀጠቀጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ምልክት ይሰጣል። ጡት ወይም ውኃ እምቢ ይላል። የበላውን ሁሉ ያስመልሳል። ይደክማል፣ ጠርተኸው ቶሎ አይነቃም። ትንፋሹ ይፈጥናል። መዳፉና የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ይነጣል። ሽንቱ ይጠቁራል። ከአፍንጫ፣ ከድድ የሚወርድ ደም ወይም የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ።

ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነና መርፌ ወዲያው ካልተገኘ፣ ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በፊንጢጣ የሚሰጥ አርቴሱኔት አለ። በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ አንዴ ተሰጥቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ተሰጥቶት ቤት ቢቀር ግን አደጋ ነው፤ ሕክምናው አላለቀም። ሆስፒታል ሲደርስ የደም ሥር መርፌው ይቀጥላል። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2.4። ወዲያው፣ ከመጀመሪያው መርፌ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ 24 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ በየቀኑ። መዋጥ ሲችል የሦስት ቀን የሚዋጠውን የወባ መድኃኒት ይጨርሳል።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ ፕላትሌቱ በጣም የወረደ ልጅ ላይ መርፌ የወጋችሁበትን ቦታ ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።

አንድ_አንባቢ

በፕላትሌቱ ጉዳይ አልስማማም። እኔ የማውቀው ከ50,000 በታች ከሆነ ፕላትሌት መሰጠት እንዳለበት ነው። 41,000 ሆኖ አለመስጠት ቸልተኝነት ነው።

የህፃናት_ሐኪም

ወዳጄ፣ ያ ቁጥር የሚያገለግለው ለሌላ ሁኔታ ነው፣ ለምሳሌ ቀዶ ጥገና ለሚሠራለት ወይም እየደማ ላለ ሰው። ሳይደማ በወባ ብቻ 41,000 ለሆነ ልጅ ፕላትሌት አይሰጥም። ፓራሳይቱ ሲሞት በራሱ ይመለሳል። የሚደማ ልጅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የተገኘው ይሰጣል፦ ፕላትሌት፣ ፕላዝማ፣ ወይም ሙሉ ደም።

ይህ ልጅ ቀይ ደም ማግኘቱ ግን ትክክል ነው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ሄሞግሎቢን (ቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በዴሲሊትር ከ5 ግራም በታች ሲወርድ ደም ይሰጣል፤ ወባ በማይበዛበት ከ7 በታች ሲሆን። ልጆችን በብዛት የሚገድለው የደም ማነስ፣ የአሲድነትና የአንጎል እብጠት ነው። ሐኪሞቹ ዓይናቸውን እዚያ ላይ አድርገው ነበር። ስኳሩም ላይ ጭምር፣ ምክንያቱም በከባድ ወባ ስኳር ድንገት ይወርዳል። ቸልተኝነት የሚለው ቃል ለእነዚህ ሰዎች አይገባም፤ የእህታችንንም ጭንቀት ይጨምራል።

አንድ_አንባቢ

ገባኝ ዶክተር። አመሰግናለሁ።

አራተኛ_ዓመት_ሜዲስን

የመጨረሻ ጥያቄ። የደም ዓይነት ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው? ኦ የሆኑ ይሻላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ከላብራቶሪ

አለው። በ2007 ከማሊ የወጣ ጥናት ኦ የሆኑ ልጆች በከባድ ወባ የመያዝ ዕድላቸው በ66 በመቶ ያነሰ እንደሆነ አሳይቷል። የተያዘው ሴል ጤነኞቹን ቀይ ሴሎች ዙሪያውን ሰብስቦ ሲጣበቅ ሥሩን ይዘጋል። ይህ መሰባሰብ በኤና በቢ ይጠነክራል፣ በኦ ይላላል። ደግሞ ኦ የሆነ ሰው የቮን ዊልብራንድ ፋክተሩ መጠን ከሌሎቹ ዝቅ ይላል። ኦ የሆነ ልጅ አይታመምም ማለት ግን አይደለም። ኦ ሆነው ራሳቸውን ስተው የመጡ አሉ።

የልጁ_አክስት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ለእህቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ተኛች። አሁን ምን እንከታተል? ፕላትሌቱ መቼ ይለካ?

ሲስተር_ድንገተኛ

ፕላትሌቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል፤ በሳምንት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለሱ ብዙ አትጨነቁ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሄሞግሎቢኑ ነው። አርቴሱኔት ከወሰዱ በኋላ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቀይ ሴል የሚፈርስባቸው አንዳንድ ልጆች አሉ። ደህና ሆኖ ሳለ ድንገት ከነጣ፣ ከደከመ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ቶሎ ውሰዱት። ምንም ባይታይም በሳምንትና በወር ሄሞግሎቢን ቢለካ ጥሩ ነው።

የህፃናት_ሐኪም

በዚያው ደም ሲቀዳ ፕላትሌቱም አብሮ ይወጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ዝቅ እንዳለ ከሆነ ወባው ተመልሶ እንደሆነ ወይም ሌላ ምክንያት እንዳለ ይመርመር። እንዲሁም አነጋገሩን፣ አረማመዱንና መስማቱን እዩልኝ። ጥቃቅኑ የአንጎል ሥር ተዘግቶ የቆየባቸው አንዳንድ ልጆች ላይ እነዚህ ወደኋላ ይቀራሉ፤ በኋላም የሚጥል በሽታ የሚመጣባቸው አሉ። ስሙን ስትጠሩት ካልዞረ፣ ቃል ከጠፋበት ወይም አንድ ጎኑን ከሳበ ለቀጠሮው አትጠብቁ።